የሰው ወርቅና የገዛ እጅ ሥራ
ከቪዲዮ ጨዋታ ስለሚወለዱ ሥዕሎችና ዜማዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ዛሬ ማታ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ንግግር ርእሱ ሲሰማ የልጆች ነገር ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን የአዋቂውንም ጊዜ፣ የአዋቂውንም አሳብ የሚመለከት ሆኖ ይገኛል። ይኸውም በቪዲዮ ጨዋታ የተደሰቱ ሰዎች ከጨዋታው አሳብ እየወሰዱ በየቤታቸው ስለሚሥሉት ሥዕልና በኪቦርድ እየተጫወቱ ስለሚቀርጹት ሙዚቃ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በብዙ ቤት የሚታየው ነገር ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር ሲታገል የዋለ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይገባል። ልጁን በቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልክ ፊት ተቀምጦ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ ያገኘዋል። «ይህ ልጅ ጊዜውን በከንቱ ጨረሰው» ብሎ ይቈጣል። ቍጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥናቱን ትቶ፣ እንቅልፉን አጥቶ፣ በጨዋታ የሚመሽበትና የሚነጋበት ልጅ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ዳሩ ግን ያው ልጅ ጨዋታውን ዘግቶ፣ እርሳስና ወረቀት አንሥቶ፣ በጨዋታው ያየውን ጀግና መሣል ቢጀምር፣ ወይም የጨዋታውን ዜማ በኪቦርድ ላይ በጣቱ እየፈለገ ቢያወጣው ነገሩ ያው ከንቱ ነውን? ወይስ ሌላ ነገር ተጀምሯል? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

መልሱን የሚያከብድብን አንድ የቈየ ምሳሌ አለ፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ጀግናውን የፈጠረው ሌላ ነው፤ ዜማውን የደረሰው ሌላ ነው። እንግዲህ ይህን መልሶ መሣልና መልሶ መጫወት የሰውን ወርቅ አጥልቆ በአደባባይ እንደ መታየት አይቈጠርምን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት ግን ወርቁ እንዴት እንደ ተሠራ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ስለ ዜማው ልናገር። በ1978 ዓ.ም. ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ፤ የሠራውም ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ነው። በዚህ ጨዋታ የሚሰማው ሙዚቃ አራት ድምፅ ብቻ ነበረው። አራቱ ድምፆች ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ያለማቋረጥ ይደጋገማሉ፤ የጠላት መርከቦች እየጠፉ ቍጥራቸው ሲያንስ ግን የቀሩት ይፈጥናሉ፤ ምቱም አብሮ ይፈጥናል። ሙዚቃ ከማለት ይልቅ የልብ ትርታ ማለት ይቀላል። ሆኖም ሥራውን ፈጽሟል፤ የሚጫወተውን ሰው አስጨንቋል፣ አፍጥኗል፣ ከወንበሩም እንዳይነሣ አድርጎታል።

ከዚያ በኋላ በ1983 ዓ.ም. ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ በጃፓን አገር «ፋሚኮም» የተባለውን የቤት መጫወቻ ለገበያ አቀረበ። በመሣሪያው ውስጥ ድምፅ የሚያወጣው ቺፕ አምስት መስመሮች ብቻ ነበሩት። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ለዜማና ለአጃቢው ያገለግላሉ፤ ሦስተኛው ለወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ይሆናል፤ አራተኛው የሚንሿሿ ድምፅ እያወጣ በከበሮ ፈንታ ይገባል፤ አምስተኛው አጫጭር የተቀረጹ ድምፆችን ያሰማል። ኮጂ ኮንዶ የተባለው ደራሲ በ1985 ዓ.ም. የወጣውን የ«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ዜማ የደረሰው በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው። ጨዋታው ከነሥዕሉ፣ ከነሙዚቃውና ከነሕጉ የያዘው ቦታ 40 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ይህም ዛሬ በእጅ ስልክ ከምናነሣው ከአንድ ፎቶግራፍ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዜማው አጭር መሆን ነበረበት፤ ተደጋግሞ ሲሰማም እንዳያሰለች ሆኖ መደረስ ነበረበት። እንዲህ ተጨናንቆ የተወለደው ዜማ በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ለዘለዓለም ሊጠበቁ ከሚገባቸው የድምፅ ቅርሶች መካከል ተመዘገበ። ከቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ ይህን ዕድል ያገኘ የመጀመሪያው ነው።

በ1982 ዓ.ም. የወጣው «ኮሞዶር 64» የተባለው የቤት ኮምፒዩተር ደግሞ ሦስት ድምፅ ብቻ ነበረው። በሦስት ድምፅ ዜማም፣ ቤዝም፣ ምትም፣ ኅብረ ድምፅም ማሰማት እንዴት ይቻላል? ደራሲዎቹ አንድ ብልሃት አገኙ። አብረው መሰማት የሚገባቸውን ድምፆች በአንድ መስመር ላይ በየተራ፣ እንደ ክራር ድርደራ እያከታተሉ፣ ነገር ግን ጆሮ ለይቶ መቍጠር እስከማይችል ድረስ እያፈጠኑ አሰሟቸው። ጆሮም ተታሎ ሦስቱን እንደ አንድ ሰማቸው። ድኽነት ብልሃትን ሲወልድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

አድማጮች ሆይ፤ ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት በከንቱ አይደለም። እነዚህ ዜማዎች በጥቂት መስመሮች የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ኪቦርድ መስመሮቹን አንድ በአንድ እየለየ ሊጫወታቸው ይችላል። ትልቅ ኦርኬስትራ አያስፈልገውም። ለዚህም ነው በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰዎች የኪቦርድ ትምህርታቸውን ከጨዋታ ዜማ የጀመሩት። ከደራሲዎቹም መካከል ራሱን ያስተማረ አለ፤ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የ«ፋይናል ፋንታሲ»ን ዜማዎች የደረሰው ኖቡኦ ኡኤማትሱ መደበኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳይገባ ፒያኖን በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው።

ወደ ቤት ውስጥ ቀረጻ ስንመጣ አንድ ታላቅ ዓመት ማስታወስ ይገባል። በ1983 ዓ.ም. በጥር ወር በካሊፎርኒያ በተደረገ የሙዚቃ መሣሪያ ትርኢት ላይ፣ አንዱ በአሜሪካ፣ ሁለተኛው በጃፓን የተሠሩ፣ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተገናኙ። አንዱን ሲነኩት ሌላው ድምፅ አሰማ። ይህ «ሚዲ» የተባለው የጋራ ቋንቋ ነው። ለዚህ ሥራ ከደከሙት መካከል አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ2013 ዓ.ም. የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት ተቀብለዋል። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ አይደለም፤ መልእክት ነው። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ ምን ያህል በርትቶ እንደ ተነካ የሚያስታውቅ መልእክት ነው።

የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። የደብዳቤ ረቂቅ ሲጻፍ የተሳሳተው ቃል ብቻ ይታረማል እንጂ ደብዳቤው በሙሉ አይቀደድም። በቤቱ የሚቀርጸውም ሰው እንዲሁ ነው። ኪቦርዱን ከኮምፒዩተሩ ጋር ያገናኛል፤ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ጎረቤት ሳይረብሽ በመጀመሪያ ምቱን ይቀርጻል፤ ቀጥሎ ቤዙን በግራ እጁ፣ ቀጥሎ ዜማውን በቀኝ እጁ ይጨምራል። የሳተውን አንድ ቁልፍ ለይቶ ያርማል፤ የዘገየውን ወደ ፊት ያመጣል። በመጨረሻ የሁሉንም መጠን አመዛዝኖ አንድ ያደርጋቸዋል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ዜማውን በጆሮ ሰምቶ በጣት ማግኘት። አንዷን ሐረግ ሃያ ጊዜ ሰምቶ፣ ሃያ አንደኛው ላይ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገኝ የሚሰማውን ደስታ የቀመሰ ያውቀዋል። ጆሮም የሚሠለጥነው በዚህ ድካም ነው።

አንድ ሰው በኪቦርድ ፊት ብቻውን ተቀምጦ የባንድ ሥራ መሥራቱ ለእኛ አገር ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሌላውን ኪቦርድና የምት ማሽኑን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ብቻውን ካሴት ቀርጿል። «ሸሞንሟናዬ» የተባለው ይህ ሥራ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ታትሞ በብዙ አገር ተደመጠ። ኃይሉ የተነሣው ከአገሩ ዜማ እንጂ ከቪዲዮ ጨዋታ አይደለም። ነገር ግን የአሠራሩ መንገድ አንድ ነው፤ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በወጣበት በዚያው ዓመት መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል።

አሁን ደግሞ ወደ ሥዕሉ ልለፍ። ማሪዮ የተባለው ባለ ቀይ ቆብ ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1981 ዓ.ም. «ዶንኪ ኮንግ» በተባለው ጨዋታ ነው። ሠዓሊው ሺገሩ ሚያሞቶ ቆብ ያደረገለት ጠጕር ለመሣል ስላልተመቸው ነው፤ ጢም ያወጣለት በዚያ ጠባብ ቦታ አፍንጫውን ከአፉ ለመለየት ነው፤ ባለ ማንገቻ ሱሪ ያለበሰው እጆቹ ሲንቀሳቀሱ ከገላው ተለይተው እንዲታዩ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው መልክ የተገኘው እንግዲህ ከችግር ነው። በ1985 ዓ.ም.ም ትንሹ ማሪዮ የተሠራው እያንዳንዳቸው 8 በ8 በሆኑ አራት የካሬ ሰሌዳዎች ላይ፣ በሦስት ቀለም ብቻ ነበር።

ይህን አሠራር ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በነጠላ ጠርዝ ላይ ጥለት ሲያወጣ ክሩን እየቈጠረ ነው፤ ጥለቱ ከሩቅ ሲታይ መስቀል ወይም አበባ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን የተቈጠሩ ክሮች ናቸው። የጨዋታውም ሥዕል እንዲሁ የተቈጠሩ ካሬዎች ነው። ስለዚህ ሥዕል መማር የሚፈልግ ሰው ባለ ካሬ ደብተርና ሦስት ባለ ቀለም እርሳስ ቢኖረው ይበቃዋል፤ በአንድ ምሽት አንድ ጀግና ከነጥላው አውጥቶ ማየት ይችላል።

የአድናቂው ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በአራት ሰሌዳ ላይ የተሣለ ሰው ዐይኑ አንዲት ነጥብ ናት። ሲያዝን ምን እንደሚመስል፣ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ ከጦርነቱ በፊት በምን ቤት ይኖር እንደ ነበር ጨዋታው አልተናገረም፤ ቦታ አልነበረውምና። አድናቂው ወረቀቱን ዘርግቶ ሲቀመጥ እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ ራሱ መመለስ አለበት። ሁለት ሰዎች አንዱን ጀግና ቢሥሉ ሁለት ልዩ ልዩ ፊት ይወጣል። ከዚህ ላይ ምሳሌያችንን መልሰን እንመልከት። ወርቁን እንደ ተቀበለ አጥልቆ የወጣ ሰው በእውነት አልደመቀም። ወርቁን ተቀብሎ በእሳት አቅልጦ፣ በመዶሻ መትቶ፣ ሌላ ጌጥ ያወጣ አንጥረኛ ግን ወርቁ የሌላ ቢሆንም እጁ የራሱ ነው። ትዝታን የፈጠረው አዝማሪ ማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ፣ በትዝታ ቅኝት የየራሱን ኀዘን ያዜመ ስንት ሰው ነው! ማንም ሌባ አላለውም።

በዚህ መንገድ ሩቅ የደረሱም አሉ። አሜሪካዊው ቶቢ ፎክስ «ኧርዝባውንድ» የተባለው የኒንቴንዶ ጨዋታ አድናቂ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ያንን ጨዋታ በራሱ እጅ ለውጦ ሲሠራ «ሜጋሎቫኒያ» የተባለ ዜማ ጨመረበት። በ2015 ዓ.ም. አብዛኛውን ሥራ ራሱ በመሥራት «አንደርቴል» የተባለውን የራሱን ጨዋታ አወጣ፤ ዜማውም አብሮት መጣ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ያው ዜማ በኒንቴንዶ ትልቅ ጨዋታ፣ በ«ሱፐር ስማሽ ብሮስ አልቲሜት» ውስጥ ገባ። ከአድናቂነት የተነሣ ዜማ ዐሥራ አንድ ዓመት ዞሮ ከተደነቀው ቤት በክብር ገባ ማለት ነው።

በጃፓን አገር ደግሞ በ1975 ዓ.ም. በቶኪዮ «ኮሚኬት» የተባለ የአድናቂዎች ገበያ ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ሥራቸውን ያቀረቡት 32 ቡድኖች፣ ለማየት የመጡትም 700 ያህል ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲደረግ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ይመጣበታል። ከዚህ ገበያ ከታወቁት አንዱ ዙን በሚል ስም የሚጠራው የ«ቶሆ» ጨዋታዎች ደራሲ ነው። ጨዋታውንም ሙዚቃውንም ብቻውን ይሠራል፤ አድናቂዎችም ሥራውን መሠረት አድርገው ሥዕልና ዜማ እንዲያወጡ፣ ወሰኑን በጽሑፍ አስታውቆ፣ ፈቅዷል። በዚህም ምክንያት ስሙ ጠፍቶ አልቀረም፤ ይልቁንም በሺህ እጥፍ ገነነ።

ነገር ግን አድማጮች ሆይ፤ የነገሩን አንድ ገጽ ብቻ ማሳየት ከባለ ሬዲዮ አይጠበቅም። ባለቤት ሁሉ እንደ ዙን አይፈቅድም። በ2016 ዓ.ም. «ሜትሮይድ» ከተባለው የኒንቴንዶ ጨዋታ አንዱን ክፍል አንድ አድናቂ ብዙ ዓመታት ደክሞ እንደ አዲስ ሠራው፤ በነጻም አደለው። ባለቤቱ ኩባንያ ግን ወዲያው ከሥርጭት እንዲወጣ አደረገ። ብዙዎች አዘኑ። ሕጉ ግን ከባለቤቱ ጋር ነበር።

የእኛም አገር ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥን መብት ለሥራው ባለቤት ሰጥቶታል፤ ጥበቃውም በደራሲው ዕድሜና ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ይቈያል። ለግል ጕዳይ አንድ ቅጂ ማውጣት የሚቻልበት ሁኔታ በአዋጁ ቢኖርም፣ የሌላውን ጀግና በካናቴራ ላይ አትሞ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። ሕግ በሚሠራበት ቤት የሚውል ሰው በቤቱም ሕግን ሊያስብ ይገባዋል።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ለሚገባ ሰው ሦስት ነገር እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ምንጩን ይናገር። «ዜማው የእገሌ ነው፤ አጨዋወቱ የእኔ ነው» ማለት ክብርን አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ።

ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይሽጥ። ባለቤቱ ወሰኑን በጽሑፍ አስታውቆ እንደ ሆነ ፈልጎ ያንብብ፤ ደብዳቤ ማንበብ ለመሥሪያ ቤት ሰው አዲስ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከተበዳሪነት ወደ ባለቤትነት ይሂድ። ዐሥር ጊዜ የሰውን ዜማ የተጫወተ ጣት ዐሥራ አንደኛውን የራሱን ይሞክር፤ የሰውን ጀግና የሣለ እጅ የራሱን ጀግና ይሣል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳልና።

«ዛሬ እኮ ቃል ቢነግሩት በደቂቃ ሥዕል የሚሥል፣ ሙዚቃም የሚያወጣ ኮምፒዩተር መጥቷል፤ እንግዲህ መድከም ለምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ፈረስ ቢጋልብልን ደረስን እንጂ እግራችን አልበረታም። ወረቀቱ ላይ የቀረው ሥዕል ከፍሬው ግማሹ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ማየት የተማረ ዐይን፣ መስማት የተማረ ጆሮ፣ ያሰበውን የሚታዘዝለት እጅ ነው። ይህን ማንም መሣሪያ ሠርቶ ለሌላ ሰው ሊሰጠው አይችልም።

ይህ ነገር ለልጆች ብቻ የተነገረ እንዳይመስላችሁ። ከሥራ መልስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ እርሱም በድካም የተሞላ ነው። ሰው በዚያ ሰዓት ከሌላው የተዘጋጀለትን ብቻ እየተቀበለ ቢተኛ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው ስም ሲጽፍና በሌላ ሰው ፊርማ ሲያስወጣ ለዋለ ሠራተኛ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል የራሱ እጅ የራሱን ነገር ሲሠራ ማየት ዕረፍት ነው። ማንም አይገመግመውም፤ ማንም ቀን አይቈርጥለትም። ቢያምርም ባያምርም ሥራው የእርሱ ነው። በወጣትነቱ በሣሎን ጥግ የተቀመጠች ኪቦርድ ገዝቶ አቧራ ያለበሳት ሰው ካለ፣ ጨርቅ ይዞ ይነሣ።

ወላጆችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በመጪው እሑድ ልጃችሁ ጨዋታውን ሊከፍት ሲል በቍጣ አትጀምሩ። አጠገቡ ተቀመጡና «እስቲ ይህን ዜማ በአፍህ አንጎራጕርልኝ» በሉት። ሳያስብ ሙሉውን ያንጎራጕርላችኋል፤ በልቡ ተጽፏልና። ከዚያ በኋላ ኪቦርዱን ወይም ባለ ካሬውን ደብተር አቅርቡለትና «በል፤ ከልብህ አውጥተህ ከዚህ ላይ አኑረው» በሉት። የመጀመሪያው ሥራው ይጣመም ይሆናል። አትሳቁበት፤ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡለት። በዓመቱ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ስታስተያዩ የጠፋ የመሰላችሁ ጊዜ የት እንደ ገባ ታያላችሁ።